ለድሮ ዲ8ኤች ዶዘር ምን ዘይት ላድርግ? 15-40፣ 40 ወይስ 50?

የሸኖ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ግራ ስለገባኝ ነው የምጽፈው። ከሁለት ወንድሞቼ ጋር ሆነን በጨረታ አንድ ካተርፒላር ዲ8ኤች አውጥተናል። ሞተሩ ዲ342 ነው፣ ባለ 6 ፒስተን፣ በትንሿ ቤንዚን ሞተር እየተነሳ የሚሠራው የድሮው ዓይነት። አባቴ ገና ከሩቅ ድምፁን ሲሰማ "ይሄማ የአውራ ጎዳና ዶዘር ነው" አለ፣ በልጅነቱ ካምፓቸው አጠገብ ነው ያደገው። አሁን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ የድንጋይ ካባ ላይ አፈር እየገፋ ነው።

ማኑዋል የለውም። ከማሽኑ ሳጥን ውስጥ የተቀደደ ወረቀት አግኝቼ ስለ ሞተር ዘይት የሚለው ጋ "ሲዲ" ይላል። ዘይት ሱቅ ሄጄ ሲዲ ስላቸው ሳቁብኝ፣ ድሮ ጠፍቷል አሉኝ። አንዱ 15-40 ሲአይ-4 ውሰድ ይላል። ሌላው አሮጌ ሞተር ከ40 ቁጥር ሌላ አይወድም ይላል። አጎቴ ደግሞ 50 ካላደረግክ የዘይት ፕሬዠሩ (ግፊቱ) አይነሳልህም ብሎ ድርቅ አለ።

የፕሬዠሩ ነገር እውነት ነው። ጠዋት ቀስቱ ጥሩ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ሠርቶ ሲሞቅ ግን ይወርዳል። ዘይት መብላት የሚባል ነገር ግን የለበትም፣ ተመስገን ነው። ከገዛነው ሦስት ሳምንት ሆነው አንድ ሊትር አልጨመርኩም፣ እንዲያውም መለኪያው ላይ ከፍ ብሎ ነው የማገኘው። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ አፋር የሚወስደን ሥራ አለ። ለብርዱም ለሙቀቱም የሚሆን አንድ ዘይት ካለ ንገሩኝ፣ በርሜል ልገዛ ነው።

ፊልትሮ

እንኳን ደስ ያላችሁ። ያ ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1974 ነው የተመረተው፣ ስለዚህ ካንተ ይበልጣል፣ በአክብሮት ያዘው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው፣ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። 15-40 ማለት "ከ40 የቀጠነ ዘይት" ማለት አይደለም። ሁለቱም በ100 ዲግሪ ሙቀት ሲለኩ ውፍረታቸው እዚያው ክልል ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክስ (የውፍረት መለኪያ ነው)። ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ 15-40 ማለት 40 ነው። ልዩነቱ ጠዋት ላይ ነው። የደብረ ብርሃንን ውርጭ አንተው ታውቀዋለህ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 40 ቁጥር እንደ ማር ነው የሚንቀረፈፈው። ትንሿ ሞተር ትልቁን ለማዞር ታቃስታለች፣ ዘይቱም ላይ እስኪደርስ ብሮንዚናው (ኮሎው የሚሽከረከርበት መቀመጫ) ደረቅ ሆኖ ይፋተጋል። 40 ቁጥር ከዜሮ በላይ 5 ዲግሪ ሲሆን ጀምሮ ነው የሚመከረው። 15-40 ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ድረስ ወርዶ ወደ ላይ 50 ዲግሪ ይደርሳል። አፋርም ደብረ ብርሃንም እዚህ ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ የኔ መልስ 15-40 ነው። 50ውን ግን እርሳው። አጎትህን በደንብ አክብረህ እርሳው።

ኮምፕረሰር

እኔ አልስማማም። አሮጌ ሞተር ላይ 40 ቁጥር ብቻ። ድንጋይ የምንበሳበት ኮምፕረሰር አለኝ፣ ሞተሩ ዲትሮይት 4-71 ነው። አንድ ጊዜ 40 ጠፍቶ "ያው ነው" ተብዬ 15-40 አድርጌበት ዘይት መብላት ጀመረ፣ ጭሱ ሰፈሩን ሸፈነው። ወደ 40 ስመልሰው ቀስ በቀስ ተስተካከለ። በገዛ ገንዘቤ የተማርኩት ነው፣ የወረቀት ትምህርት አይደለም።

ፊልትሮ

ወንድሜ ያልከው ትክክል ነው፣ ግን ላንተ ሞተር ነው ትክክል። ያንተ ዲትሮይት 71 ባለ ሁለት ስትሮክ ነው። ሲሊንደሩ ላይ የአየር ቀዳዳዎች አሉት፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እየተመላለሰ እነሱ ላይ ነው የሚያልፈው። ፋብሪካው ራሱ 40 ቁጥር፣ ሲቃጠል የሚተወው አመድ ከ1 በመቶ በታች የሆነ፣ ሲኤፍ-2 የሚባለውን ነው የሚለው። 15-40 አታድርጉ ብሎም ያስጠነቅቃል። የሱ ካተርፒላር ግን አራት ስትሮክ ነው። ሁለቱም አሮጌ ስለሆኑ አንድ ዓይነት ዘይት ይጠጣሉ ማለት አይደለም፣ በሬም ፈረስም አሮጌ ይሆናል።

ኮምፕረሰር

በሬና ፈረስ ጥሩ ነች 😄 እሺ ተረታሁ።

ዴንቨር ያለሁ

ሰላም፣ እኔ አሜሪካ የኮንስትራክሽን ማሽን ጋራዥ ነው የምሠራው፣ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ይመጣልናል።

ስለ ፊደሉ ልጨምር። ወረቀትህ ላይ ያለው ሲዲ ከ1955 ጀምሮ የነበረ የዘይት ጥራት ደረጃ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)፣ ዛሬ ማንም አያወጣውም። የሱ ወራሽ ሲኤፍ ነው፣ በ1994 የወጣ፣ በተለይ እንዳንተ ዓይነት ፕሪቻምበር (ናፍጣው መጀመሪያ የሚረጭበት ትንሽ ክፍል) ላላቸው ሞተሮች። እሱም ቆሟል፣ ግን ሱቅ ላይ አሁንም ታየዋለህ። ልብ በል፣ ሲኤፍ እና ሲኤፍ-4 አንድ አይደሉም። ሲኤፍ-4 ናፍጣው ቀጥታ ፒስተኑ ላይ ለሚረጭባቸው ሞተሮች ተብሎ ነው በ1990 የመጣው። ሱቅ ውስጥ "ያው ሲኤፍ ነው" ብለው ይሰጡሃል። ከዚያ ሲኤች-4 በ1998፣ ሲአይ-4 በ2002፣ ሲጄ-4፣ አሁን ደግሞ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ሲኬ-4 አለ። ከሲኬ-4 ጋር አብሮ ኤፍኤ-4 የሚባል ቀጭን ዘይት ወጥቷል፣ እሱን በምንም ተአምር እንዳታደርገው፣ ለአዲስ የጭነት መኪና ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ዘይት አሲድ የሚገድልበት አቅም አለው፣ ቲቢኤን ይሉታል፣ የዘይቱ መረጃ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰልፈር ሲቃጠል አሲድ ይሆናል፣ አሲዱን የሚያከሽፈው ዘይቱ ነው። ካተርፒላር ለፕሪቻምበር ሞተር የሰጠው ስሌት ቀላል ነው፣ የናፍጣውን ሰልፈር በመቶኛ ወስደህ በ20 ታባዛለህ፣ የአዲሱ ዘይት ቲቢኤን ከዚያ ማነስ የለበትም። ቀጥታ ለሚረጩት ግን በ10 ነው። ናፍጣህ ግማሽ በመቶ ሰልፈር ካለው 10 ቲቢኤን ያስፈልግሃል። አንድ በመቶ ከሆነ 20፣ ይሄ ደግሞ ተራ ዘይት ላይ አታገኘውም፣ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ናፍጣው ዝቅተኛ ሰልፈር ከሆነ ግን የትኛውም ይበቃል። ናፍጣ የሚያመጣላችሁን ሰው የጥራት ወረቀቱን ጠይቀው፣ ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ።

ይሄን የምለው ለምን መሰለህ፣ እዚህ አሜሪካ ሲጄ-4 እና ሲኬ-4 የተሠሩት ሰልፈሩ 15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ) ለሆነ ናፍጣ ነው። ለጭስ ማጣሪያው ሲባል አመዳቸው ተቀንሷል። መጥፎ ዘይት አይደሉም፣ እኛ አሮጌ ማሽን ላይም እናደርጋቸዋለን። ግን ዘመድ ከውጭ "አዲሱንና ውዱን" ቢልክልህ ላንተ የግድ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ሲአይ-4 ካገኘህ እኔ እሱን ነው የምመርጥልህ።

አንድ ሰው ደግሞ ስለ ዚንክ ያነሳል ብዬ እጠብቃለሁ። ዚንክ የቀነሰው የቤንዚን መኪና ዘይት ላይ ነው። የከባድ ናፍጣ ዘይት አሁንም በቂ አለው፣ ለዚህ ብለህ ተጨማሪ ጠርሙስ አትግዛ።

ጋሽ ግሬደር

ልጆች፣ ሁላችሁም ቁም ነገር ተናግራችኋል። ግን ልጁ የጻፈውን በደንብ ያነበበ የለም። እኔ ሰላሳ ምናምን ዓመት ማሽን ስር ተኝቻለሁና አንድ ዓረፍተ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባች።

"ዘይት አይበላም፣ መለኪያው ላይ ከፍ ብሎ ነው የማገኘው።"

ልጄ፣ ያ ሞተር የሃምሳ ዓመት ሽማግሌ ነው። ፋሻው ዘይት ባያሳልፍ እንኳን ጥቂት መጠጣት አለበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ካባ ላይ እየገፋ ዘይቱ አለመቀነሱ ሳይሆን መጨመሩ! ዘይት አይወልድም። የሆነ ነገር እየገባበት ነው። ወይ ውኃ ነው ወይ ናፍጣ። ውኃ ቢሆን መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ታያለህ፣ ያን አላልክም። ስለዚህ እኔ ናፍጣ ነው እላለሁ። ሲሞቅ ፕሬዠሩ የሚወርደውም ለዚሁ ነው፣ ዘይቱ ቀጥኗል። አጎትህ 50 ሲሉህ በሽታውን ሳይሆን ትኩሳቱን ነው የሚያክሙልህ።

ዛሬ ማታ ሞተሩ ሲጠፋ ይሄን አድርግ። መለኪያውን አውጣ፣ ጫፉን በጣትህ አሽተው። ናፍጣ ከሸተተህ ነገሩ አለቀ። ካልሸተተህ ነጭ ሶፍት ላይ አንድ ጠብታ ጣልና አንድ ሰዓት ተወው። ጤነኛ ዘይት መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ሠርቶ ይቆማል፣ ጥቁረቱ አያስፈራህ፣ የናፍጣ ሞተር ነውና ጥላሸት አለው። ናፍጣ ካለበት ግን ዙሪያውን ሰፊ፣ ብሩህ፣ እርጥብ ቀለበት እያበጀ ይሮጣል። ከአዲሱ ዘይት አንድ ጠብታ አጠገቡ ጣልና አወዳድር። አንዳንድ ልጆች ክብሪት ለኩሰው ያያሉ፣ አደራ አንተ እንዳታደርገው፣ ቅንድቡን ያጣ ሰው አውቃለሁ።

እስከዚያ ድረስ በርሜል አትግዛ።

የሸኖ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ከካባ መጣሁ። እርስዎ እንዳሉት አሸተትኩት። ጋሼ፣ ናፍጣ ነው! ሦስት ሳምንት ሙሉ መለኪያውን እያወጣሁ "ወይ የድሮ ዕቃ፣ ጠብታ አይጠጣም" እያልኩ ለወንድሞቼ ስፎክር ነበር። ሶፍቱ ላይም አደረግኩት፣ የማሽኑ ጠብታ ሶፍቱን ጨርሶ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ፣ አዲሱ ግን ሽልንግ የምታህል ክብ ሆኖ ቀረ።

አሁን ምን ላድርግ? ሥራ ላቁም?

ጋሽ ግሬደር

አቁም እንጂ! በዚህ ዘይት አንድ ቀን እንኳ አታሠራው። ብሮንዚናው ከዘይት ፊልም በቀር ሌላ የሚሸከመው የለም፣ ናፍጣ ደግሞ አይሸከምም።

መጀመሪያ ዘይቱን አፍስስ፣ ሞቅ እያለ። ፊልትሮውን አውጣና ወረቀቱን በቢላ ቁረጠው፣ ዘርግተህ ጨምቀህ ፀሐይ ላይ እየው። ጥቁር ዝቃጭ ምንም አይደለም። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ በጣትህ ሰብስበው። ማግኔት የሚይዘው ብረት ነው። የማይይዘው፣ ነሐስ ወይም ብርማ የሚመስለው ቅጠል፣ እሱ ብሮንዚና ነው፣ ያን ካየህ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) ሳትከፍት ሞተሩን አታስነሳው።

ከዚያ ናፍጣው ከየት እንደሚገባ ፈልግ። እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የናፍጣ ማስተላለፊያ ፖምፓውን "ሲል" ነው፣ ናፍጣው እንዳያፈስ የሚዘጋውን ማለቴ ነው፣ ካረጀ ወደ ሞተሩ ውስጥ ያንጠባጥባል። ቀጥሎ ኖዝሎቹን (ናፍጣውን የሚረጩትን)፣ አንዱ የሚያለቅስ ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍጣ ሲሊንደሩን አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ናፍጣ ፖምፓ የሚሠራ ጥሩ ባለሙያ አምጣ። አንተ ራስህ የፖምፓውን ሆድ አትክፈት።

ፊልትሮ

ጋሼ ክብር ለእርስዎ። እኔ ስለ ቁጥር ስደሰኩር እርስዎ በሽታውን አወጡት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አንብቤ አልፌአታለሁ።

የሸኖ ልጅ፣ ሁለት ነገር ልጨምርልህ። አንደኛ ትንሿ ቤንዚን ሞተር የራሷ ዘይት አላት፣ ሰው ሁሉ ይረሳታል። አስነስተህ ከጨረስክ በኋላ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋና ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሳ ራሷ ትጥፋ። ክፍት ከተውከው ቤንዚኑ አንጠባጥቦ ዘይቷ ውስጥ ይገባል፣ ያው የትልቁ ታሪክ በትንሹ። ሁለተኛ፣ ካምቢዮው ፓወርሺፍት (በዘይት ግፊት ማርሽ የሚቀይር) ከሆነ ከዚያው በርሜል እንዳትቀዳለት። የሞተር 15-40 ውስጡ ያሉትን ዲስኮች ያንሸራትታል። ቲኦ-4 የሚባል 30 ቁጥር አለ፣ ለሱ የተሠራ። ካምፓኒው ውስጥ "ዘይት ዘይት ነው" የሚል ሰው ካለ ቁልፉን ቀማው።

ኮምፕረሰር

እኔም የገዛሁትን ልናገር። በርሜል ስትገዛ ማኅተሙን ተመልከት። ሱማሌ ተራ አካባቢ የታወቀ ስም ያለበት ጀሪካን ገዝቼ ስከፍተው ክዳኑ ከዚህ በፊት ተከፍቶ የተዘጋ ሆኖ አገኘሁት። መልሼ ወሰድኩት፣ ሻጩ "ከፋብሪካው ነው" አለኝ፣ ጨቅጭቄ ገንዘቤን መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ከማደያ ወይም ከራሱ ከአከፋፋዩ ደረሰኝ ይዤ ነው የምገዛው። ጥቂት ብር ይጨምራል። ሞተር ግን ከዚያ ይበልጣል።

ዴንቨር ያለሁ

ጋሼ ያሉት ላይ፣ ከቻልክ የዘይት ናሙና በትንሽ ጠርሙስ ወስደህ ላቦራቶሪ ላክ። ካተርፒላር ራሱ ኤስኦኤስ የሚለው ምርመራ አለው። ናፍጣው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ብረቱ፣ መዳቡ፣ አሸዋው ሁሉ በቁጥር ይመጣልሃል። ካባ ላይ ስለሆንክ በተለይ አሸዋውን እየው። አሮጌ ሞተርን ከዘይት ቁጥር ይልቅ አቧራ ነው የሚገድለው፣ የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ክላምፖች ዛሬ አጥብቃቸው።

የሸኖ ልጅ

(ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ)

ቤተሰብ ሪፖርት ላቅርብ።

ዘይቱን ስናፈስ እንደ ሻይ ነው የወረደው፣ በርሜሉ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ራሱ የውኃ ነበር። ፊልትሮውን ቆረጥኩት። ወንድሜ የድምፅ ማጉያ ማግኔት ፈትቶ አመጣ፣ የያዘው ጥቂት የብረት ዱቄት ነው። ነሐስ የሚመስል ሁለት ሦስት ቅንጣት አየሁ። ፈራሁና ኮፓውን አስከፈትኩ። መካኒኩ ሁለት ብሮንዚና አውርዶ አየ፣ ትንሽ ተፍቀዋል ግን ነሐሱ ገና አልተጋለጠም፣ ይሄዳል አለኝ። ጋሼ፣ አንድ ወር ዘግይተን ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ፖምፓውን የሚያውቅ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። እንዳሉት ነው፣ የማስተላለፊያ ፖምፓው "ሲል" እንደ ብስኩት ተሰባብሮ ነበር። አንድ ኖዝልም ያለቅስ ስለነበረ ተቀየረ።

15-40 ሲአይ-4 አደረግኩ፣ ከማደያ፣ በደረሰኝ። ናፍጣ የሚያመጣልን ልጅ የሰልፈሩን ወረቀት እጠይቃለሁ ስለው መጀመሪያ አኮረፈ፣ በኋላ አመጣው። በ20 አባዛሁ፣ ከዘይቱ ቲቢኤን በታች ነው፣ አለፍን። ውስጡ ብዙ ቆሻሻ ስለነበረ የመጀመሪያውን ዘይት በ50 የሥራ ሰዓት እቀይራለሁ፣ ሁለተኛውን በ100፣ ከዚያ ነው ወደ 250 የምሄደው። ይሄ ልክ ነው?

ቀስቱ አሁን ጠዋትም ቀንም እዚያው ነው። ዘይት ደግሞ መብላት ጀምሯል፣ በቀን ትንሽ ትንሽ፣ እናቴ ሙት ሳየው ደስ ነው ያለኝ።

ጋሽ ግሬደር

ልክ ነው፣ 50 ብለህ ጀምር። በ50ው የምታወጣውን ፊልትሮም ቁረጠው፣ ነሐሱ ከቆመ እሰየው፣ ከቀጠለ ወደ አፋር ከመውረድህ በፊት ብሮንዚናውን ሙሉ በሙሉ ቀይር። እዚያ በረሃ ላይ ኮፓ መክፈት አትፈልግም።

የሸኖ ልጅ

እሺ ጋሼ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ጎረቤታችን ያፈሰስነውን የተቃጠለ ዘይት ለአጥሩ እንጨት፣ ለምስጥ፣ ስጡኝ እያሉ በየቀኑ ይመጣሉ። ናፍጣ ስላለበት ችግር አለው?

ጋሽ ግሬደር

ምስጡን ያርቀዋል፣ አጥሩን አይጎዳም። እሳት አጠገብ ብቻ እንዳያስቀምጡት ንገራቸው። ጉድጓድ ውኃ አጠገብ ላለ እንጨት ግን አትስጣቸው፣ ውኃው ውስጥ ይገባል። በእጃቸውም አይቀቡት፣ ብሩሽ ስጣቸው።